ፎቶአችሁ ለምን ግማሹ ጠቆረ? ካሜራውን ከመጣላችሁ በፊት ጥቁሩን አንብቡት

ዛሬ ከወትሮው ትንታኔ ወጣ ብለን ስለ አንድ የቤታችን ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከዳላስ እስከ ደሴ ብዙ ቤተሰብ ያሳዘነ፣ አንዳንዱንም ያቀያየመ ጉዳይ ነው። የምንነጋገረው ስለ ካሜራ ነው፤ በተለይም ግማሹ አምሮ ግማሹ ጠቁሮ ስለሚወጣ ፎቶ።

ከአንድ ሠርግ ልጀምር። ባለፈው ሰመር እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ከተማ፣ የምናውቃቸው ልጆች ተጋቡ። የሙሽራዋ እናት ያሉት ደሴ ነው። ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀው ሁለቱንም ጊዜ ተከልክለዋል። ስለዚህ የልጃቸውን ሠርግ የሚያዩት በፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶ አንሺው እዚሁ ከመካከላችን ያደገ ልጅ ነው። ሳምንቱን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ይይዛል። ያገለገለ ካሜራና አንድ ርካሽ ፍላሽ ገዝቶ ነው ሥራውን የጀመረው። ማታ በአዳራሹ ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የሽማግሌዎችን ጉልበት ሲስሙ ልጁ እየተሯሯጠ አነሳ። በማግስቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፍተው ግን የፎቶዎቹ የታችኛው ክፍል፣ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ፣ ድቅድቅ ጥቁር ሆኗል። ከላይ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ይታያሉ። ከታች ጉልበትም የለም፣ ሙሽራም የለችም።

እናትየው ፎቶዎቹ ሲደርሷቸው ደወሉ። የሙሽራዋ አጎት በአባት ቦታ እንደቆመ ተነግሯቸው ነበር። ልጄ የአጎቷን ጉልበት ስትስም የታለ ብለው ጠየቁ። መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትገምቱታላችሁ። አንዱ ካሜራው ተበላሽቷል አለ። ሌላው ልጁ ሥራውን አይችልም አለ። ነገሩን ወደ ሟርት የወሰዱትም አልጠፉም። ልጁ ካሜራውን ይዞ ጥገና ሄደ። ሹተሩ መቀየር አለበት ተባለና ካሜራውን ከገዛበት ዋጋ ግማሽ የሚጠጋ ገንዘብ ተጠየቀ። ሊከፍልም ተዘጋጅቶ ነበር። ካሜራው ግን ምንም አልሆነም ነበር። ችግሩ ያለው አንድ ቁጥር ላይ ነው። ወደ ቁጥሩ እንመጣለን።

ስለ ፎቶ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ ፎቶ ለእኛ ምን እንደሆነ አስቡት። ክርስትናውን፣ ምርቃቱን፣ ሠርጉን፣ ቀብሩን ሳይቀር ወላጅ የሚያየው በፎቶ ነው። የትዳር አጋሩን ለማምጣት ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚያስገባ ሰውም ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ከሚያሳይባቸው ማስረጃዎች አንዱ የሠርግ ፎቶ ነው። ሠርግ ደግሞ አይደገምም። ስለዚህ ካሜራ የያዛችሁ ልጆችም፣ ፎቶ አንሺ የምትቀጥሩ ቤተሰቦችም ይህን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ የለ?

ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው። ጥቁሩ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። የት እንዳለ፣ ምን ቅርጽ እንዳለውና መቼ እንደሚመጣ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ከታች ነው ወይስ ከላይ? ጠርዙ እንደ መቀነት ቀጥ ያለ ነው ወይስ የማዕዘን ጥላ? በሁሉም ፎቶ ላይ ነው ወይስ ፍላሽ ሲበራ ብቻ? እነዚህን ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ።

መልሱን ለመረዳት ካሜራው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንይ። ከሌንሱ ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር አለ። በነገራችን ላይ የዚህ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ መሠረት የሆነው የተቀናጀ ሰርኪዩት በ1958 የተሠራው እዚሁ ዳላስ፣ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ውስጥ ነው። የሠራው ጃክ ኪልቢ በ2000 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ሌንሳቸው በሚቀያየር አብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ከሴንሰሩ ፊት ሁለት መጋረጃዎች አሉ። ሹተር የምንለው እነዚህን ነው። ፎቶ ስታነሱ የመጀመሪያው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃን ይገባል፣ ከዚያ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል።

ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ለምሳሌ 1/100ኛ ሰከንድ ላይ፣ ሁለተኛው መንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ያልቃል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሙሉ ለሙሉ የሚገለጥበት ቅጽበት አለ። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን፣ ለምሳሌ 1/500 ላይ፣ የመጀመሪያው መጋረጃ ጉዞውን ሳይጨርስ ሁለተኛው ተከትሎት ይነሳል። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት ብቻ በሴንሰሩ ላይ ታልፋለች። ሴንሰሩ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚገለጥበት ቅጽበት የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንግባ።

አንደኛውና በሠርግ አዳራሽ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው የፍላሽና የሹተር አለመናበብ ነው። ፍላሽ እጅግ አጭር ብልጭታ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ እንኳ ከ1/1000ኛ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። ብልጭታው የሚመጣው መጋረጃው ሴንሰሩን በከፊል ሸፍኖት ሳለ ከሆነ፣ የተሸፈነው ክፍል የፍላሹን ብርሃን አያገኝም። ያ ክፍል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሌንስ ምስልን ገልብጦ ስለሚጥል፣ በሴንሰሩ የላይኛው ክፍል ላይ የተሸፈነው በፎቶው የታችኛው ክፍል ላይ ይታያል። ጥቁሩ መቀነት ብዙውን ጊዜ ከታች የሚመጣው ለዚህ ነው። ካሜራውን ለቁም ፎቶ ካዞራችሁት ደግሞ ጥቁሩ ወደ ጎን ይሄዳል።

እያንዳንዱ ካሜራ ከፍላሽ ጋር የሚሠራበት የፍጥነት ጣሪያ አለው። በአብዛኞቹ ላይ 1/200 ወይም 1/250 ነው፤ ከዚያ ዝቅ የሚሉም አሉ። የካሜራው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከጣሪያው ትንሽ ስታልፉ፣ 1/320 ላይ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ይመጣል። 1/500 ላይ ግማሽ ይጠጋል። 1/1000 ላይ ከግማሽ በላይ ይሄዳል።

ካሜራው ለምን አልከለከለውም ትሉ ይሆናል። ከካሜራው ጋር የሚነጋገር ፍላሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ካሜራው ራሱ ፍጥነቱን ይገድባል። ርካሽ ፍላሽ፣ የስቱዲዮ ፍላሽ ወይም በሬዲዮ የሚተኮስ ፍላሽ ከሆነ ግን ካሜራው ፍላሽ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። አንዳንዱ የሬዲዮ መተኮሻ ጥቂት ስለሚዘገይ ጣሪያው ላይ ሆናችሁም እንኳ ቀጭን መስመር ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው ፍጥነቱን ወደ 1/160 ወይም 1/125 ማውረድ ነው። የግድ ከፍ ያለ ፍጥነት ከፈለጋችሁ ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለውን የሚደግፍ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። እሱ ደጋግሞ እየተርገበገበ መጋረጃው እስኪያልፍ ያበራል፤ የብርሃኑ ጉልበት ግን ይቀንሳል፣ ባትሪም ይበላል።

የኛ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። ቀን ላይ ሙሽሮቹን ዋይት ሮክ ሐይቅ ዳር በፀሐይ ሲያነሳቸው ፍጥነቱን 1/500 ላይ አደረገ። ለፀሐይ ትክክል ነበር። ማታ አዳራሽ ሲገባ ፍላሹን ሰካና ቁጥሩን ሳይመልስ ቀጠለ። ጥፋቱ በሙሉ ይህ ነው። ስለዚህ ከውጭ ወደ አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ የሹተሩን ቁጥር እዩ። ሁለተኛ፣ አንድ ፎቶ አንስታችሁ በስክሪኑ ላይ እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ተመልከቱት።

ሁለተኛው ምክንያት የሹተሩ ራሱ መበላሸት ነው። ይህ በእርግጥ አለ፣ የታወቀ ምሳሌም አለው። ኒኮን ዲ750 የተባለው ካሜራ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ወጣ፤ ሠርግ አንሺዎች በጣም ወደዱት። በጁላይ 2015 ኩባንያው ራሱ በአንዳንዶቹ ካሜራዎች ላይ ሹተሩ በትክክል ላይሠራና የፎቶው አንድ ክፍል ሊጠቁር እንደሚችል ገልጾ በነፃ መቀየር ጀመረ። በ2016 እና በ2017 የሚመለከታቸውን ካሜራዎች ቁጥር አሰፋው። ካሜራው እንደ መኪና ሪኮል ተደረገበት ማለት ነው። ያገለገለ ዲ750 የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የካሜራውን ሴሪያል ቁጥር ይዛችሁ ጥገናው የሚመለከተው መሆኑንና ቀድሞ ተሠርቶለት እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቁ። ምናልባት ሌላ ሰው ያላስጠገነውን ችግር ነው የገዛችሁት።

ሹተር እንደ ጎማ የሚያልቅ ነገር ነው። ዲ750 ለምሳሌ ለ150,000 ፎቶ ተፈትኖ ነው የወጣው። አንድ ሠርግ ላይ 2,000 እና 3,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት አያስፈልገውም። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቁ። መኪና ስትገዙ ስንት ማይል እንደሄደ አትጠይቁምን? የተበላሸ ሹተር ምልክቱ ይህ ነው፤ ፍላሽ ባይኖርም ጥቁሩ ይመጣል፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም ይብሳል።

ሦስተኛው መስታወቱ ነው። በዲኤስኤልአር ካሜራዎች ውስጥ ፎቶ ሲነሳ ብድግ የሚል መስታወት አለ። በጊዜው ካልተነሳ የፎቶውን አንድ ክፍል ይጋርዳል። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ካሜራውን ላይቭ ቪው ላይ አድርጋችሁ በስክሪኑ እያያችሁ አንሱ፤ መስታወቱ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው። ጥቁሩ ከጠፋ የምትጠረጥሩት መስታወቱን ነው። ሚረርለስ ካሜራ ላይ ይህ ችግር የለም፣ መስታወት የለውምና።

አራተኛው በሌንሱ ፊት የተጋረጠ ነገር ነው። ጥቁሩ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ከሆነና ጠርዙ ክብ ከሆነ መጋረጃውን አትውቀሱ። የሌንሱ ኮፍያ ተጣሞ ተገጥሞ ይሆናል። ሁለትና ሦስት ፊልተር ተደራርቦ ይሆናል። ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ሌንስ ትልቅ ሴንሰር ላይ ተገጥሞም ይሆናል። በካሜራው ላይ ያለውን ትንሽ ፍላሽ ስትጠቀሙ ከታች መሐል ላይ ግማሽ ክብ ጥላ ካያችሁ ደግሞ የረጅሙ ሌንስ ወይም የኮፍያው ጥላ ነው። ኮፍያውን አውልቁ፣ ፊልተሩን አውጡ፣ ደግማችሁ አንሱ። ወጪ የለውም።

አምስተኛው በቤተ ክርስቲያንና በአዳራሽ የሚያጋጥመን የመብራት ነገር ነው። ቅዳሴና ተክሊል ላይ የካሜራ ጩኸት ምእመናንን እንዳይረብሽ ብዙ ልጆች ሚረርለስ ካሜራቸውን ድምፅ አልባ ያደርጉታል። ትሕትናው መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ጊዜ መጋረጃው አይሠራም፤ ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ያነባል። የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራት ደግሞ ለዓይናችን ሳይታወቅ ይርገበገባል። አሜሪካ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርትዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 120 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንዱ መስመር ሲነበብ መብራቱ ደምቆ፣ ሌላው ሲነበብ ደብዝዞ ይገኛል። ፎቶው ላይ አግድም የተዘረጉ ደብዛዛ ሽንትሮች ይታያሉ። ድቅድቅ ጥቁር አይደሉም፤ ከፎቶ ፎቶም ቦታቸው ይቀያየራል። መለያቸው ይህ ነው።

መፍትሔው ወደ ሜካኒካሉ ሹተር መመለስና ፍጥነቱን 1/60 ወይም 1/125 አካባቢ ማድረግ ነው። ካሜራችሁ ፀረ ፍሊከር የሚል ምርጫ ካለው አብሩት። አገር ቤት ስትሄዱ ግን ይህን አስታውሱ፤ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርትዝ ነው፣ መብራቱም የሚርገበገበው በሰከንድ 100 ጊዜ ነው። ዳላስ ላይ የሠራላችሁ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ላይሠራ ይችላል። እዚያ 1/50 ወይም 1/100 ሞክሩ። በስልክ ለምታነሱም ጉዳዩ ያው ነው።

ስድስተኛው ሚሞሪ ካርዱ ነው። ፎቶው በትንሹ ሲታይ ሙሉ ሆኖ ሲከፈት ከመሐል ወደ ታች ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ ተዛብቶ ከተቆራረጠ፣ የብርሃን ችግር ሳይሆን የፋይል ችግር ነው። ትንሿ ምስል በፋይሉ ውስጥ ለብቻዋ ስለምትቀመጥ ዋናው ሲጎዳ እሷ ልትተርፍ ትችላለች። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ካሜራው ገና እየጻፈ ሳለ ካርዱን ማውጣት፣ ባትሪ በመሐል ማለቅ፣ ወይም ያረጀና አስመስሎ የተሠራ ካርድ ነው። ሐሰተኛ ካርድ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ውስጡ ግን ያን ያህል አይዝም።

እዚህ ላይ እባካችሁ ልብ በሉ። ካርዱን ፎርማት አታድርጉ። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ፎቶም አታንሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ጊዜ ጥፋት የሚመጣው በችኮላ ነው። መጀመሪያ በሌላ የካርድ ማንበቢያ እንደገና ኮፒ አድርጉት፤ አንዳንዴ የተበላሸው ፎቶው ሳይሆን ኮፒው ነው። ካልሆነ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በካርዱ ላይ የቀረውን ፈልጎ ያወጣል። የወጣውን ግን በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀምጡት። ለወደፊቱ ሠርግ የምታነሱ ሰዎች ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ላይ ያው ፎቶ እንዲጻፍ አድርጉ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የተላከላችሁ ፎቶ ግማሹ ብቻ ከታየ ኔትወርኩ ደክሞ ሳይወርድ ቀርቶ ይሆናል። ፎቶ አንሺውን ከመውቀሳችሁ በፊት አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱት።

ሰባተኛውና የመጨረሻው በፀሐይ፣ በሌዘርና በሙቀት የሚደርስ ጉዳት ነው። ኤፕሪል 8 ቀን 2024 እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ነበር። ቀትር አልፎ 7 ሰዓት ከ40 አካባቢ ዳላስ ወደ አራት ደቂቃ ለተጠጋ ጊዜ ጨለመች። ስንቶቻችን ነን በዚያን ቀን ካሜራ ይዘን የወጣነው? ሌንስ የፀሐይን ብርሃን እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ ውስጥ ያደርሰዋል። ያለ ፀሐይ ፊልተር ከግርዶሹ በፊትና በኋላ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ የተደገነ ካሜራ መጋረጃው ወይም ሴንሰሩ ሊቃጠል ይችላል። የጭፈራ ቤት ሌዘርም እንዲሁ ሴንሰር ያበላሻል። የዚህ ምልክቱ ጥቁሩ ወይም መስመሩ በሁሉም ፎቶ ላይ፣ በማንኛውም ፍጥነት፣ ቦታውን ሳይለውጥ መገኘቱ ነው። ኦገስት 2 ቀን 2027 ደግሞ ሌላ ሙሉ ግርዶሽ በሰሜን አፍሪካና በዓረብ አገሮች በኩል ያልፋል፤ ኢትዮጵያ ላይ በከፊል ይታያል። ያን ቀን ካሜራችሁንም ዓይናችሁንም ጠብቁ።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በ2005 ሶኒ የሠራቸው አንዳንድ ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሹ ምስል ሲያዛቡና ሲያጠፉ ተገኝተው፣ ካኖንና ኒኮንን ጨምሮ ብዙ ኩባንያዎች በነፃ እንጠግናለን ብለው አውጀው ነበር። ዛሬ ሴንሰሮቹ ተለውጠዋል። ትምህርቱ ግን አልተለወጠም። የቴክሳስ ሰመር 100 ፋራናይት ሲያልፍ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ልጅና ውሻ መኪና ውስጥ አትተዉ እንደሚባለው ካሜራም አትተዉ።

እንግዲህ ምክንያቶቹን አየን። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። በቀን ብርሃን፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሙ። ፍላሹን ንቀሉ፤ ድምፅ አልባውን ምርጫም አጥፉ። ካሜራውን ማንዋል ላይ አድርጉና በ1/60፣ በ1/250፣ በ1/1000 እና በ1/4000 አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ፎቶው በየደረጃው እንዳይጨልም አይኤስኦውን ከፍ እያደረጋችሁ ሂዱ።

አራቱም ንጹሕ ከሆኑ ሹተራችሁ ጤነኛ ነው፤ ፍላሹንና ቁጥሩን ፈትሹ። በ1/60 ንጹሕ ሆኖ በ1/1000 እና በ1/4000 ጥቁር ከመጣ ሹተሩ ታሟል። በሁሉም ላይ ጥቁር ካለ ሌንሱን በሌላ ሌንስ ቀይሩ። በሌላው ሌንስ ከጠፋ ሌንሱ ወይም ኮፍያው ነው። ካልጠፋ ላይቭ ቪው ላይ ሞክሩ፤ በዚያ ከጠፋ መስታወቱን፣ ስክሪኑ ላይም ሳታነሱ ጥቁሩ ከታየ ሴንሰሩን ጠርጥሩ። በመጨረሻ ፍላሹን ሰክታችሁ በ1/125 እና በ1/500 አንሱ። በመጀመሪያው ንጹሕ፣ በሁለተኛው ጥቁር ከሆነ ምንም የሚጠገን ነገር የለም።

አንድ ማሳሰቢያ ላክል። ሌንሱን አውልቃችሁ መጋረጃውን በጣት አትንኩ፣ አትንፉበት። በጣም ስስ ነው፤ ያልተበላሸውን ታበላሹታላችሁ። ወደ ጥገና የምትሄዱ ከሆነም እነዚያን ፎቶዎች ይዛችሁ ሂዱ። ከፍላሽ ጋር ብቻ ነው፣ ወይም ከ1/1000 በላይ ነው የሚመጣው ብላችሁ ከተናገራችሁ ጠጋኙም ሥራው ይቀለዋል፣ እናንተም ያላስፈለገ ዕቃ አይቀየርባችሁም።

ወደ ጋርላንዱ ሠርግ ልመለስ። ልጁ ይህንን ምርመራ ሠራ። ካሜራው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፣ ለጥገና ሊከፍለው የነበረው ገንዘብም ኪሱ ቀረ። የጠፉት ፎቶዎችስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በፍላሽና በሹተር አለመናበብ የመጣ ጥቁር ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ያ ክፍል የፍላሹን ብርሃን አላገኘም እንጂ የአዳራሹን መብራት በጥቂቱ አግኝቷል። ፎቶው በጄፔግ ብቻ ከተነሳ ያ ጥቂት ብርሃን አብዛኛው ይጣላል። በሮው ከተነሳ ግን ተቀምጦ ይቆያል። ልጁ እንደ ዕድል በሮው ነበር ያነሳው። ኮምፒዩተር ላይ የጠቆረውን ክፍል ብቻ ለይቶ ብርሃኑን ከፍ ከፍ ሲያደርገው፣ እህል የተዘራበት የሚመስል ሸካራ ምስል ወጣ። ቀለሙ ደብዛዛ ነው። ለአልበም አይሆንም። ነገር ግን ነጩ ቀሚስ ይታያል፣ የአጎትየው ጉልበት ይታያል፣ ሙሽራዋ ግንባሯን አስጠግታ ይታያል። ያንኑ ለደሴ ላከው። እናትየው ያን ሸካራውን ፎቶ አሳትመው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉት ሰምተናል።

ሁሉም ፎቶ እንዲህ አይተርፍም። የተቃጠለ ሴንሰር የሚመልሰው የለም፤ የተጋረደ ብርሃንም ካልገባ አልገባም። ስለዚህ ነገ ሠርግ ያላችሁ ዛሬ ማታ ያንን ነጭ ግድግዳ ፈልጉ። ሮው ላይ አድርጉ። ሁለት ካርድ ያዙ። አዳራሹ በር ላይ ስትደርሱ ቁጥራችሁን እዩ። ልጆቻችሁን ለሠርግ ሥራ የምትቀጥሩ ወላጆችም ቁጡ አትሁኑባቸው፤ ፈትሸሃል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ።

ለዛሬ በዚህ እንሰነባበት። ባላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ፣ ቸር ይግጠመን።